አዋሽ ዳር «ባዶ መሬት» ኖሮ አያውቅም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ወደ ሰመራ ስወርድ ያ ሁሉ ሜዳ ባዶውን ተኝቷል። ወንዙ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ለምንድን ነው ታዲያ የማይታረሰው?» ጥያቄው ቅን ነው። የመንግሥት ሰዎችም፣ ባለ ኩባንያዎችም፣ እኛ የከተማ ሰዎችም ሰባ ዓመት ሙሉ ስንጠይቀው የኖርነው ነው። መልሱ በሁለት መስመር ስለማያልቅ እዚህ ልዘርግፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይገባና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አያይም። ዓባይን አገር ጥሎ ሄደ እያልን ስንወቅሰው ኖረናል፤ አዋሽ ግን ያለውን ሁሉ እዚሁ ሰጥቶ የሚቀር ወንዝ ነው። ያም ሆኖ የዓባይን ያህል አልተዘፈነለትም።

አሁን ዝናቡን አስቡት። መነሻው ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ መጨረሻው ላይ፣ አሳይታ አካባቢ፣ 200 ሚሊ ሜትር ቢገኝ ነው። የታችኛው አዋሽ ሰው የሚኖረው በሌላ ሰው ዝናብ ነው ማለት ነው። የጊንጪና የሸዋ ደጋ ዝናብ በራሱ በአዋሽ፣ የወሎ ደጋ ዝናብ ደግሞ በቦርከና፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል ይደርሰዋል። እላይ ክረምት ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ ይፈስና ዳርና ዳሩን ያለብሰዋል። ውኃው ሲሸሽ የሚተወው እርጥብ መሬት ሣር ያበቅላል። የሸለቆው ታሪክ እንግዲህ የዚህ ሣር ታሪክ ነው።

የአፋር አርብቶ አደር በደመ ነፍስ አይዞርም። «ዘላን» የምትለዋ ቃል ብዙ ጥፋት አድርሳለች፤ ዝም ብሎ የሚንከራተት ታስመስላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ዝናብ፣ እነሱ ከርማ የሚሉት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሲጥል ከወንዙ ይርቃሉ። ለምሳሌ በመካከለኛው አዋሽ ያሉት ወደ አለይደጌ ሜዳ ይወጣሉ። እዚያ ሣር አለ፣ ዝናቡ ያቆረው ውኃም አለ፤ ወንዙ ዳር ግን ጎርፍና ትንኝ ነው። ዝናቡ አልፎ የሜዳው ውኃ ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ ጎርፉ ጥሎት በሄደው ሣር ሱጉም እስኪመጣ፣ ማለትም እስከ መጋቢትና ሚያዝያው አጭር ዝናብ፣ ይቆያሉ። ሱጉም ከቀረ ደግሞ እስከ ከርማ መቆየት ሊኖርባቸው ነው።

ልብ በሉልኝ። ወንዝ ዳሩ ከጠቅላላው የግጦሽ መሬት ሲነጻጸር ቀጭን ጥብጣብ ናት። ግን ያቺ ጥብጣብ ከሌለች ሰፊው ሜዳ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ከብቱ በጋውን የሚያልፍባት እሷ ብቻ ናት። በነሐሴ መኪና ይዞ ወንዙ ዳር የቆመ መሐንዲስ ደግሞ ለም መሬት እንጂ ሰው አያይም። ባለቤቶቹ አለይደጌ ናቸዋ!

ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ የሚመራው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የማን ከብት ታመመ፣ ማን እንግዳ መጣ፣ የትኛው መንገድ ሰላም ነው። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት። እኛ በዚህ በፌስቡክ መንደር ይህን ደንብ ብንጠብቅ ስንት ጠብ በቀረ! ዳጉን ብዙ ጊዜ እንደ ባህል ጌጥ ነው የምናወራው፤ በቱሪዝም ፖስተር ላይ ይወጣል። ለእነሱ ግን የአየር ትንበያም፣ የገበያ ዜናም፣ የጸጥታ መረጃም ነው። ከብትህን ሁለት ቀን መንገድ ነድተህ ደረቅ ሜዳ ላይ ብትደርስ የምትከፍለው በከብት ነው።

ወደ ታች ስንወርድ አውሳን እናገኛለን። አዋሽ ከማለቁ በፊት የሚበተንበት፣ በበረሃ የተከበበ አረንጓዴ ቦታ ነው። የሐረር ኢማሞች እ.ኤ.አ. በ1577 መቀመጫቸውን ወደዚያ ያዛወሩት በከንቱ አልነበረም፤ ዙሪያው በረሃ አጥር ነው፣ ውስጡ እህል አለ። ኋላም የሙዳይቶ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች ነገሡበት። አጥርነቱን ከቀመሱት አንዱ ቨርነር ሙንዚንገር ነው። ይህ ስዊዘርላንዳዊ የግብፁ ከዲቭ ሹም ሆኖ ከታጁራ ጦር እየመራ መጥቶ በ1868 ዓ.ም. አውሳ ላይ ከነ አብዛኛው ሰዉ አለቀ። ጉንደትንና ጉራዕን ስናስተምር ይህቺን እናልፋታለን እንጂ የዚያው የግብፅ ዘመቻ አንድ ክንፍ ናት። ወንዙ የት እንደሚያልቅ ለውጭው ዓለም ያረጋገጠው ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው፤ በ1926 ዓ.ም.፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ አውሳን አቋርጦ ታጁራ ደረሰ። አፋሮቹ ግን ወንዛቸው የት እንደሚያልቅ ጠፍቷቸው አያውቅም፣ ያው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘ ንብረትን፣ ደኖችንና የግጦሽ መሬቶችን ጨምሮ፣ የመንግሥት ሀብት ያደርጋል። «የግጦሽ መሬቶች» የምትለውን ቃል አስምሩባት። ለሸለቆው ሰዎች በአንዲት ቃል አገራቸው ከእጃቸው ወጣ፤ አብዛኞቹም አልሰሙም። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ተመረቀ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ተቋቋመ። እላይ ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ከ1946 ጀምሮ ስኳር እያመረተ ነበር፤ ቀጥሎም መተሐራ ወረደ። ታች ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ዘራ። መተሐራና ፈንታሌ ዙሪያ ያሉት ከረዩዎች በአንድ በኩል አገዳው፣ በሌላ በኩል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መጣባቸው።

ግድቡ ራሱ ምን እንዳደረገ ብዙ አይወራም። አገዳም ጥጥም የሚፈልጉት ዓመቱን ሙሉ የተመጠነ ውኃ ነው። ሣሩ የሚፈልገው ደግሞ በዓመት አንዴ ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ ነው። ወንዙን ባደብ እንዲፈስ ባደረግነው ቁጥር ወንዝ ዳሩ መልበሱ ቀነሰ፤ ስለዚህ ትራክተር ያልደረሰበት ግጦሽ እንኳ ተጎዳ።

ግን ታሪኩን የበዳይና የተበዳይ ተረት አናድርገው። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ነገሩ ቶሎ የገባቸው ሰው ነበሩ። ኩባንያው ወደ አውሳ ከመግባቱ በፊት እሳቸውና ተከታዮቻቸው ራሳቸው ጥጥ ዘሩ፤ ብዙ ገንዘብም አገኙ። በዚህም የአውሳን መሬት ለአፋር አቆዩት። ያም ሆኖ እዚያው ከብቱን ብቻ ይዞ የቀረው አፋር ከጥጡ የደረሰው ነገር ብዙ አይደለም።

ከዚያ 1965 እና 1966 መጣ። የወሎ ረኀብ ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የደጋው ገበሬ ነው፤ ግን ክፉኛ ከተመቱት ውስጥ የአፋር አርብቶ አደሮች ነበሩ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረኀብ መጽሐፉ ይህን ጉዳይ ያነሣዋል። አርብቶ አደር በወተት ብቻ አይኖርም፤ ከብት ሸጦ እህል ይገዛል። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም በአንዴ ሊሸጥ ይወጣል፣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ግን አብሮት አይወድቅም። አንድ በሬ ድሮ የሚገዛውን እህል ሩቡን እንኳ ላይገዛ ይችላል። በዚህ ላይ ድርቁን ማለፊያዋ ያቺ ወንዝ ዳር ጥጥ ሆናለች። ድርቅ አፋር አገር ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ በዚህኛው ግን መሸሻው ታጥሮ ነበር።

1967 ዓ.ም.ን በእኛ አቆጣጠር ስታዩት ደግሞ ይገርማል። መስከረም 2 ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር 15 ሐዳር ላይ፣ እዚያው አዋሽ ዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰን የድንቅነሽን አጥንት አገኘ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ዓመቱ ሳያልቅ ሱልጣን አሊሚራህ ወደ ጂቡቲ ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1983 ነው። ዓለም ሁሉ ስለ ሸለቆው የሰማው በዚያው ዓመት ቢሆንም የሰማው ስለ አጥንቱ ነበር። ድንቅነሽን አልነቅፍም፤ ኩራቴ ናት። ግን የሰው ዘር መገኛ ብለን የምንኮራበት መሬት ላይ አሁን ያለው ሰው በምን እንደሚኖር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ደርግ እርሻዎቹን ወረሰ እንጂ ለአርብቶ አደሩ አልመለሰም። እንዲያውም በአሚባራና በመልካ ሰዲ አስፋፋቸው። በዚያ ዘመን አካባቢ ነው ፕሮሶፒስ የተባለው ባለ እሾህ ዛፍ አፈር እንዲይዝና ነፋስ እንዲከላከል ተብሎ የተተከለው። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በፋንድያው ይበትናል፤ በሄደበት ሁሉ ይበቅላል። ሥር ሰድዶ ከያዘ በኋላ ሣር አያስጠጋም፣ መተላለፊያም ይዘጋል። አፋሮች «ደርጊ ሀራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ እንደ ማለት ነው፤ በኋላ በመጣው መንግሥት ስም «ወያኔ» የሚሉትም አሉ። ዛፉ ስሙን ከመንግሥት ነው የሚወስደው ማለት ነው። ከ1983 በኋላ አንዳንድ የመንግሥት እርሻ መሬት ለጎሳዎቹ ሲመለስ ያልታረሰውን ቀድሞ የያዘው ይኸው ዛፍ ሆነ።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅን ያየ ያውቃል፤ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ጨዋማ ውኃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መንገዱንም ሐዲዱንም ገፍቷል። በ2012 ክረምት ማብቂያ ላይ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ አፋር ውስጥ ብዙ ሰው አፈናቀለ። ድሮ ጎርፉ ሲመጣ ሰው ከወንዙ ርቆ ነበር። አሁን እርሻው፣ ከተማውና የሠራተኛው መንደር እዚያው ዳሩ ላይ ናቸው፤ አለይደጌ ወጥቶ የሚጠብቅ ከተማ የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ያየኸው ሜዳ ባዶ አይደለም፤ ወይ ከብቱ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው፣ ወይ መመለሻው ተወስዶበት ነው። አይታረስ አላልኩም። አውሳ ከጥንት ጀምሮ ያርሳል። መጠየቅ ያለበት በየካቲት ከብቱ የት ሊገባ ነው የሚለው ነው፤ ያንን ጥያቄ የመለሰ የመስኖ ዕቅድ ካያችሁ አሳዩኝ።

ገዋኔ፣ አሚባራ ወይም አሳይታ ያደጋችሁ፣ አባቶቻችሁ ወንዝ ዳር የሚያውቋቸውን የሣር ዓይነቶች ስም በአፋርኛ አስተያየት መስጫው ላይ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ዛፉ የዋጣቸውንም አትተዉብኝ። እንደ ዳጉ ግን፦ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩልኝ።