ዲያቆን፦ ማዕድ አስተናጋጁ

«ዲያቆን» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን በቅዳሴ ጊዜ ጽዋ ይዞ በዕርፈ መስቀል ደሙን የሚያቀብለው ወጣት ነው። ቃሉ ግን ግሪክኛ ነው፤ «ዲያኮኖስ» ማለት አገልጋይ፣ በተለይም ማዕድ የሚያስተናግድ ሰው ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚተርከው፣ ሰባቱ አገልጋዮች የተመረጡት ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ስለተዘነጉ ነው። መበለቲቱን ረስቶ ቅዳሴው ላይ የሚያበቃ ዲቁና እንግዲህ ግማሽ ስሙን ጥሏል እላለሁ።

ሐዋርያቱ ራሳቸው ከማዕዱ ስብከቱን አላስበለጡም ወይ የሚል ይኖራል። ስብከቱን ለራሳቸው መያዛቸው እውነት ነው፤ ለማዕዱ ግን መንፈስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ለተናቀ ሥራ ማን እንዲህ ይጠነቀቃል? ከሰባቱ ቀዳሚው እስጢፋኖስ ነበር፤ እህል እንዲያድል የተሾመው ያው ሰው በድንጋይ ተወግሮ፣ ለወጋሪዎቹ እየጸለየ ሞተ።