ሰረገላው የንጉሥ፣ ጋሪው የእኛ



ባለፈው ቅዳሜ የ«ገ»ን ቤት ስናስተምር ለ«ጋ» የጋሪ ሥዕል አሳየን። አንዱ ተማሪ ቶሎ ብሎ «ይሄ የንጉሡ ነው!» አለ። አልፈረድንበትም። ለንደን ያደገ ልጅ ፈረስ ሲጎትት የሚያየው ከቤተ መንግሥት የሚወጣውን ሰረገላ ነው።

እርግጥ እኛም የንጉሥ ሰረገላ ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የተጠቀሙበት ሰረገላ ቀድሞ የጀርመኑ ንጉሥ የዳግማዊ ዊልሄልም ነበር። በጥቅምት 1954 ጃንሆይ ለንደን ሲመጡ ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ተቀበሏቸው፤ ከዚያም አብረው በሰረገላ ወደ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሄዱ።

ተራው ሰውስ በምን ይሄድ ነበር? በለንደን ጆሴፍ ሃንሰም የተባለ ሰው በ1834 ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ታክሲ አስመዘገበ። ቀላልና ፈጣን ስለነበረ ከተማውን ሞላው። በኋላ መኪና መጣና የመጨረሻው የፈረስ ታክሲ በ1947 ፈቃዱን መለሰ። ስሙ ግን አልጠፋም፤ ጥቁሩ ታክሲ በሕግ እስከ ዛሬ «ሃክኒ ካሬጅ» ነው የሚባለው።

የእኛም ጋሪ እንደዚያው ታክሲ ነበር። በባሕር ዳር፣ በደብረ ዘይት፣ በናዝሬት፣ በአዋሳ ሰው ከአውቶብስ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚገባው በጋሪ ነበር። እህል ከገበያ፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት፣ ሙሽራም ጭምር በጋሪ ሄዷል። ባጃጅ ሲበዛ ጋሪው ከዋና ዋና መንገዶች እየወጣ ሄደ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታየው ዳር ዳር ላይ ነው።

የንጉሡን ሰረገላ ልጆቻችን በቴሌቪዥንም በሙዚየምም ያገኙታል። የእኛን ጋሪ ግን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ የወላጆች ነው። በጋሪ የሄዳችሁበትን አንድ ቀን በአማርኛ ንገሯቸው፦ ባለጋሪው ፈረሱን ምን ብሎ ይነዳ ነበር? ስንት ሰው ተጫነ? ሒሳቡስ ስንት ነበር? ልጓም፣ ጅራፍ፣ ጎማ የሚሉትን ቃላት እግረ መንገዳቸውን ይይዛሉ።

«ከፈረሱ ጋሪው ቀደመ» ስንላቸውም ነገሩ እንዲገባቸው፣ መጀመሪያ ጋሪውን ይወቁት።

ቅዳሜ ታሪካቸውን ይዘው ይምጡ፤ እንጠብቃቸዋለን።

የክፍሉ መምህራን