የንባብ ቤት ሳምንት
በቆላው ራያ ሕፃን ፊደል እንዴት ይቆጥር እንደ ነበረ



ለኢዮቤልዩ በዓላችን መታሰቢያ በምትታተመው በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃና ስለ አገልግሎቱ ሌሎች ወንድሞች ጽፈዋል። እኔ ግን ከቅጽሩ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰብ ስለ ነበረው ስለ ትንሹ ጉባኤ፥ ይኸውም ስለ ንባብ ቤት ጥቂት ቃል ለመጻፍ ፈቀድሁ። ዛሬ አንደኛ ክፍል የምንለው ትምህርት ለአባቶቻችን ይህ ነበረ። ታላላቁ ጉባኤ፥ ዜማውም ቅኔውም መጻሕፍቱም፥ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው። የሆነ ሆኖ የቅኔውን መምህር የሚያመሰግን ብዙ ሲሆን፥ ሀሁ ያስቆጠረውን መምህር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ፥ ከ49ኛው ዓመት በኋላ 50ኛው ዓመት የነፃነት ዓመት ሆኖ የሚቀደስበት ነው። የፊደላችንም ቊጥር ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የግእዝ ፊደል እናቶቹ 26 ናቸው፤ እያንዳንዱም ግዕዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ፥ ራብዕ፥ ኃምስ፥ ሳድስ፥ ሳብዕ ተብሎ በሰባት ቤት ሲዘረዘር 182 ይሆናል። ከዚህም ሌላ ኈ፥ ቈ፥ ጐ፥ ኰ የሚባሉት አራቱ ዲቃሎች በየአምስቱ 20 ናቸው። አማርኛ ደግሞ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀ፥ ጨ የሚባሉትን ሰባት ፊደላት ጨመረ፤ እነርሱም በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 49 ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑ የገዛ አፉን ቋንቋ ፊደል ሲቈጥር ሳያውቀው የኢዮቤልዩን ቊጥር ይቈጥራል ማለት ነው። አራተኛውንም ቤት ራብዕ ሲል አራተኛው ዕለት ረቡዕ፥ በአማርኛም ሮብ እንደሚባል ያስታውሳል፤ የሮቢት ልጅ ሲሆን ደግሞ የአገሩን ስም የሰማ ይመስለዋል።

የትምህርቱ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። ልጁ አስቀድሞ ሀሁን በተርታ፥ እጁ በስንጥር ፊደሉን እየነካ፥ በዜማ ይቈጥራል። ነገር ግን በዜማ የሚል ልጅ ፊደሉን ሳያውቅ ቃሉን ብቻ ሊሸመድድ ስለሚችል፥ ሁለተኛ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ ተርታውን የሚያፋልስ ነው፤ ከአንዱ ፊደል ግዕዙን፥ ከሁለተኛው ካዕቡን፥ ከሦስተኛው ሣልሱን እያነሣ ይሄዳልና ዓይኑን ያልተከለ ልጅ በዚያ ይታወቃል። ይህን ያደረጉ አባቶች የሕፃንን ጠባይ እንዴት ያለ ጥልቅ ዕውቀት ያውቁ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። በዚህ ልጁ መጀመሪያ ቊጥር፥ ማለት ፊደል በፊደል እየለየ፥ ቀጥሎ ግዕዝ፥ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይላል፤ የንባቡም ሕግ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ እየተባለ ይነገረዋል። ከዚህ በኋላ ወንጌል ይቀጽላል፤ መዝጊያው ዳዊት ነው። ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሳሉ፤ ለመምህሩም እጅ መንሻ ያቀርባሉ።

አሁን ወደ ሳምንቱ ልግባ፤ የጽሑፌ መነሻ እርሱ ነውና።

በንባብ ቤት የቀኑ ስም በግድግዳ አይጻፍም ነበር፤ በጸሎት ይታወቅ ነበር እንጂ። 150ው መዝሙረ ዳዊት በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ነው። ይህም ለሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ለማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ለረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ለሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ለዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ለቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ተመድቧል፤ ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቀራል። ለቅዱስ ኤፍሬም የሚሰጠው ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ስለዚህ ገና ሀሁ የሚቈጥረው ሕፃን ታላላቆቹ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማ፥ ይህ የሰኞ ነው፥ ይህ የሐሙስ ነው ይል ነበር። መጽሐፉን ማንበብ ሳይችል ሳምንቱን ያነብ ነበር።

እኔ በተማርሁበት በቆላው ራያ የነበረው ውሎ ይህ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ፥ በማለዳ፥ ገበታው ይዘረጋል። ቆላ ነውና ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ ያደክማል። አስቀድሞ የትናንቱ ቀለም ይከለሳል፤ ከዚያ አዲስ ቀለም ይሰጣል። የኔታ ሁሉን ሕፃን አንድ በአንድ አያስቀጽሉም፤ መልእክተ ዮሐንስ የደረሰው ሀሁ ያለውን፥ ዳዊት የደረሰው መልእክተ ዮሐንስ ያለውን ያስቀጽላል፤ እርሳቸውም ከመካከል ተቀምጠው የሁሉን ድምፅ ይሰማሉ። የሃያ ልጅ ጩኸት ባንድ ጊዜ ሲነሣ ከሩቅ ለሚሰማው የንብ ቀፎ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ልጅ አንዲት ፊደል ቢስት የኔታ ወዲያው ስሙን ጠርተው ያርሙት ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለ ሆነ ልጆቹ ቀለል ያለ ክለሳ ይውሉ ነበር። ማታ መብራት ስለሌለ የቃል ትምህርት ነው፤ የኔታ ይላሉ፥ እኛም እንቀበላለን፤ ውዳሴ ማርያሙም መልክአ ማርያሙም በዚህ ዓይነት በጨለማ ይያዛል። ቅዳሜና እሑድ ገበታ አይዘረጋም። ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል፥ ቅጽሩ ይጠረጋል፥ ለየኔታ ውሃና እንጨት ይመጣል፤ እሑድም ቅዳሴ ነው።

አገራችን ራያ ቆቦ በምሥራቅ የዞብልን ተራራ፥ በምዕራብም ከፍ ያለውን ደጋ ይዛ የተዘረጋች ሜዳ ናት፤ ገበሬዋም ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ እርሻው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ይመጣበታል፤ ወፉን የሚጠብቀው ደግሞ ልጅ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ይውላል። ይህም የሚሆነው በመስከረምና በጥቅምት፥ እስከ ኅዳርም ድረስ ነው። በዚህ ወራት ንባብ ቤቱ ልጁን አያባርረውም ነበር። ቀለሙን ማለዳ ተቀብሎ ወደ ማማው ይሄዳል፤ በወፍና በወፍ መካከል የቃሉን ትምህርት ሲል ይውላል፤ ማታ መጥቶ ያስረዳል። እኔም ካንዱ ማማ ወደ ሌላው ማማ እየተጣራን፥ እርሱ የጀመረውን እኔ ስጨርስ፥ የሰኞውን ውዳሴ ማርያም የያዝሁት በዚህ ዓይነት ነው።

ሆኖም ምስጋናውን ብቻ ጽፌ ጒድለቱን ብሸሽግ ታሪክ አይባልም። በንባብ ቤት አለንጋ ነበረ፤ ከፍርሃት የተነሣ ትምህርቱን ጥሎ የሄደ ልጅ አውቃለሁ። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር በዚያ ጥላ ሥር አልተቀመጡም። ከሁሉ የሚከፋውም ልጁ ያነበበውን አለማወቁ ነው፤ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ይደግማል፥ ግእዙ ምን እንደሚል ግን አይነገረውም፤ ያ በኋላ በቅኔና በትርጓሜ ቤት ይገኛል እየተባለ ይቀራል። እዚያ የሚደርሰው ግን ከመቶ ስንቱ ነው?

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፥ ዳዊት ደግሜ ኩራት በተሰማኝ ጊዜ፥ ልጃቸው ለውትድርና የሄደባቸው ጎረቤታችን ደብዳቤ ይዘው መጡና «አንተ ልጅ፥ ተማርህ አይደለም? በል አንብብልኝ» አሉኝ። እኔም ሌላ ንባብ ስለማላውቅ ደብዳቤውን በውርድ ንባብ ዜማ፥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርሁት። እኒያ እናት ዜማውን ሲሰሙ የመርዶ ደብዳቤ መሰላቸውና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዬዬ አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ደብዳቤው ግን «እኔ ደኅና ነኝ፥ አታስቢ» የሚል ነበረ። እኔ አንባቢው እንኳ እስከ መጨረሻው አልተረዳሁትም ነበር፤ ዓይኔ ፊደሉን ይከተላል እንጂ ልቤ ነገሩን አልያዘም። የኔታ በሰሙ ጊዜ አልገረፉኝም። «ልጄ፥ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ድምፁን ሰጠሁህ፥ ፍቺውን አልሰጠሁህም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምረው ማታ ማታ አንድ አንድ ቃል በአማርኛ ይፈቱልን ጀመር። ወደ ቅኔ ቤት የወሰደኝ ያ ማታ ነው።

የንባብ ቤት ልጅ ይዞት ያደገው ዳዊት በዓለምም ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ዓመት በሮም ከተማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፥ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል በሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ረዳትነት፥ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ በፊደላችን ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በአገራችን ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ዳዊት በብራና እየተጻፈ ነበርና፥ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ ይበቃ ዘንድ ግድ ነበረ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመጣ፥ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓመት በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ገብተው ፈጥነው ከተማሩት ልጆች ብዙዎቹ አስቀድመው በንባብ ቤት ፊደል የቈጠሩ ነበሩ። በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ ተጀመረ፤ ቆይቶም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ያን ጊዜ ሽማግሌና ባልቴት ከሕፃን ጋር ባንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር፥ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደነገገ።

የዛሬው የአንደኛ ክፍል ሳምንት እንግዲህ ሌላ መልክ አለው። ሰኞ ጧት ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ደወል እየተደወለ አማርኛ፥ ሒሳብ፥ እንግሊዝኛ፥ የአካባቢ ሳይንስ፥ ሥዕልና መዝሙር፥ ሰውነት ማጎልመሻም በየተራው ይመጣሉ። ሴትና ወንድ ባንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ልጁ «ላም» ብሎ ሲያነብ ላሟን ያውቃታል። ይህ የኔታ በማታ ሊያደርጉት የጀመሩት ነገር ነውና እኔ የማመሰግነው እንጂ የምነቅፈው አይደለም።

ነገር ግን ይህም ጒድለት አለው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የተደረገ የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል። በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ሲታጨቅ የአንዱን ልጅ አፍ ማን ይሰማል? የሳተውንስ ፊደል ማን ያርማል? ከዚህም በላይ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአገራችን ላይ ነበረና ልጆች ወራቱን ያለ ትምህርት አሳለፉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭትም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ ደወሉን ሳይሰማ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ይችላል። ደወል በሌለበት ጊዜ ሳምንትን ይዞ የሚቆይ ምን አለ? አባቶቻችን በዚህ ዓይነት ዘመን ሁሉ አልፈዋል፤ ያሳለፋቸውም ገበታ፥ ስንጥርና ታናሹን የሚያስቀጽል ታላቅ ልጅ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፥ በዚህ በነፃነት ዓመት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ንባብ ቤቱን ከአንደኛ ክፍል ጋር አናጣላው፤ አንዱ ለሌላው ሳምንቱን ይሙላለት። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጁ የመምህሩ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን በቅጽራችን ገበታ ይዘረጋ። ለወንድ ብቻ ሳይሆን ለሴትም ይዘረጋ፤ አለንጋም አይግባበት። አራተኛ ክፍል የደረሰው አንደኛ ክፍል ያለውን ያስቀጽል፤ የተነበበው ሁሉ በዚያው ቀን ይፈታ። ማሽላ የሚጠብቀው ልጅ ቀረ ተብሎ አይፋቅ፤ ቀለሙን ይዞ ወደ ማማው ይሂድ። ትምህርት ቤቱ በተዘጋም ጊዜ ያ ገበታ እንዳይታጠፍ ካህናት ተራ እንግባ።

እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ደብዳቤው ግን ሌላ እናት ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። የሚያነብላት ልጅ፥ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፥ ድምፁንም ፍቺውንም የያዘ እንዲሆን አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።