ባዶ መሬት አልነበረም

ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን ድንበር ጋር ይገናኛል። በዚህ መንገድ ላይ ያሉት ከተሞች ዳር ዳራቸው እየሰፋ ነው። ትናንት ሰሊጥ የተዘራበት ማሳ ዛሬ ችካል ተተክሎበታል፤ ቆርቆሮው ገና የሚያብለጨልጭ ቤት ቆሞበታል። ነዋሪው ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣ ነው። ስለ ሰፈሩ ብትጠይቁት «እኛ ስንመጣ እኮ ባዶ ሜዳ ነበር» ይላችኋል።

ይህን አባባል በመተማ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች ብለውታል። እውነት የሆነበት ጊዜ ግን የለም። ወጣቶች፣ ብዙዎቻችን በእንዲህ ዓይነት አዲስ ሰፈር የምንኖር ወይም ነገ የምንኖር ነንና ታሪኩን ከሥሩ ማወቁ ይጠቅመናል።

በዚህ ቆላ በመጀመሪያ የምናገኛቸው ጉሙዞች ናቸው። ጉሙዝ በቀደመው ልማዱ ማሽላውን የሚዘራው መሬቱን በእጅ መቆፈሪያ ቆፍሮ ነው። አንዱን ቦታ ጥቂት ዓመታት ካለማ በኋላ አፈሩ እንዲያገግም ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላም ይመለሳል። እስከዚያው በዚያው ቦታ ማር ይቆርጣል፣ ያድናል፣ ሥራ ሥርና ፍሬ ይለቅማል። በየዓመቱ በበሬ ማረስ የለመደ ደገኛ ግን ያረፈውን መሬት ሲያይ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። «ባዶ» የሚለው ቃል የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ተክሩሮች መጡ። እነዚህ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካሉ የምዕራብ አገሮች ለሐጅ ወደ መካ የተነሡ ሙስሊሞች ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ መንገዳቸውን ትተው መተማ ላይ ቀሩ። ጎጆ ቀለሱ፣ ጥጥ ዘሩ፣ ገበያ አቆሙ። ገበያው አደገና ከደጋው ቡና፣ ሰምና ከብት የሚወርድበት፣ የሱዳን ነጋዴ የሚመጣበት ትልቅ ስፍራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1862 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በዚያ ሲያልፍ የተክሩሮቹ ሼኽ ለሁለት ወገን ግብር ይከፍል ነበር፤ አንዱ ለኢትዮጵያ፣ ሌላው ሱዳንን ይዛ ለነበረችው ለግብፅ።

በዚያ ገበያ ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። ከሚፈነገሉትና ከሚሸጡት መካከል ጉሙዞች ነበሩበት። የምድሩ ቀዳሚ ነዋሪ በገዛ ምድሩ ላይ በተተከለ ገበያ ዋጋ ተቆረጠበት። ሰውን እንደሌለ መቁጠር የት ድረስ እንደሚያደርስ የመተማ ገበያ ያሳየናል።

የወንጌል መልእክተኞችም በዚህች ከተማ አልፈዋል። በባዝል አጠገብ የሚገኘው የክሪሾና ተልእኮ ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በሐዋርያት ስም የሚጠሩ 12 ጣቢያዎችን ለመትከል አቅዶ ነበር፤ ዕቅዱም «የሐዋርያት መንገድ» ተባለ። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጣቢያዎቹ አንዱ መተማ ላይ ነበር። መልእክተኞቹ የእጅ ሙያ ያላቸው ትጉ ሰዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ዓይናቸው በጎንደርና ከዚያ ወዲያ ባለው አገር ላይ ስለ ነበር መተማ ለእነርሱም መሸጋገሪያ ነበረች።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ፤ ከተማይቱም ዛሬ ስማቸውን ይዛ ትጠራለች። ጦርነቱ የቀደመውን ገበያ አጠፋው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት የድንበር ውል ደግሞ ጋላባት ወደ ሱዳን፣ መተማ ወደ ኢትዮጵያ ሆኑ። በሁለቱ መካከል የምታልፈው ትንሽ ወንዝ የሁለት መንግሥታት ወሰን ሆነች።

በእኛው ዘመን የመጣው ትልቁ ለውጥ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. የተካሄደው ሰፈራ ነው። የአማራ ክልል ድርቅና የመሬት ጥበት ካጎሳቆላቸው ደጋማ ወረዳዎች ቤተሰቦችን አምጥቶ በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ቆላ አሰፈረ። የመርሐ ግብሩ ቃል ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2 ሄክታር መሬት፣ ለ8 ወር ቀለብ፣ ኑሮው ካልተስማማው ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ የሚል ነበር። የተራበ ሰው ይህን ሰምቶ ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? ልጆቹን ሊያድን ነው የመጣው።

የተሰጠው መሬት ግን የራሱ ሕይወት ነበረው። ደኑ ውስጥ የእጣን ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ እየተፋቀ ሙጫው ይለቀማል። ዛፉ ተመንጥሮ ማሳ ሲሆን የእጣን ለቃሚው፣ የማር ቆራጩና የከብት አርቢው መተዳደሪያ አብሮ ተመነጠረ። ሰፋሪውም ወባ ጠበቀው። ጥቁሩ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ የምትደበቀው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን አመጣችበት። ከቦታው ጋር አብሮ የኖረውን ሰው እንደሌለ የቆጠረ፣ ያ ሰው ስለ ቦታው የሚያውቀውንም አብሮ ያጣል።

ዛሬም ሰው መምጣቱን አላቆመም። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ። ቆላውን የለመደው «ሳሉግ» ሲባል አዲስ የወረደው «ሐበሻ» ይባላል፤ ደገኛው በገዛ አገሩ የእንግዳ ስም ወጣለት ማለት ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ገቡ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራላቸው። በዚያም ዘረፋና ጥቃት ስለ ደረሰባቸው ብዙዎቹ መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር ወጡ፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት አፍጥጥ የሚባል ሌላ ጣቢያ ተከፈተላቸው። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. አብረው የኖሩ የዚሁ አካባቢ ሰዎች ተጋጭተው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቅሏል። «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ቆላ ደም ያፈሰሰ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ከተማ ዳሩ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለዘለቄታው ከመሬቱ የተነሣ ባለይዞታ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ካሣ እንዲከፈለው ያዛል። እንዲህ ያለ ሕግ ማስፈለጉ ራሱ የከተማ ዳር መሬት ባዶ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ነገር ግን ካሣ የሚያገኘው የይዞታ ወረቀት ያለው ነው። በዚያ ሜዳ ከብቱን ወደ ውኃ ሲነዳ የኖረው፣ ወይም ማረፍ ያለበትን መሬት ትቶ የሄደው ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። እርሱን ሊያስታውሰው የሚችለው በቦታው ላይ ቤት የሠራው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ዘፍጥረት 23ን አስቡ። አብርሃም ምድሪቱ በእግዚአብሔር ተስፋ የተሰጠችው ሰው ነበር። ሚስቱ ሣራ ስትሞት ግን «ይህ የእኔ ነው» ብሎ መቃብር አልቆፈረም። በኬጢ ልጆች ፊት ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ በመካከላቸው እንግዳና መጻተኛ መሆኑን ተናገረ። የኤፍሮንን እርሻ በነፃ እንዲወስድ ቢነገረውም 400 ሰቅል ብር በሰው ሁሉ ፊት መዝኖ ከፈለ። የቀደመውን ሰው በስሙ ጠራው፣ ድንበሩን አከበረ፣ ዋጋውን ሰጠ። ተስፋ መያዙ ጎረቤቱን ከማየት አልከለከለውም።

አዲስ ሰፈር መኖር ኃጢአት አይደለም፤ መተማን ያቆሟት ሁሉ ከሌላ ቦታ መጥተው የቀሩ ናቸው። ጥያቄው ስንደርስ ማንን አየን የሚለው ነው።

ለኅብረት ውይይት፦

1. አሁን የምትኖሩበት ሰፈር ከመሠራቱ በፊት ምን ነበር? ስሙስ ማን ይባል ነበር? የአካባቢውን አረጋውያን ጠይቃችሁ ተነጋገሩበት።

2. በቦታው ቀድሞ የኖሩት ሰዎች አሁን የት ናቸው? ከመካከላቸው ቤተ ክርስቲያናችሁ የምታውቀው አንድ ቤተሰብ አለ?

3. አብርሃም በነፃ የቀረበለትን መሬት ገዝቶ የወሰደው ለምን ይመስላችኋል? በእናንተ ሰፈር ያልተከፈለ ዋጋ ካለ እንዴት ሊከፈል ይችላል?