ለምጽ፣ ቁምጥና፣ ሥጋ ደዌ፤ የሦስት ስሞች ታሪክና የጤና ትምህርት በዘነበወርቅ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በተባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በለጋ ዕድሜዋ ካረፈችው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በስሟ የተሠየመው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ስለ ነበረ፣ የልዕልቲቱ ስም በከተማው ሰው አፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ የበሽታው ምትክ ስም እየሆነ ሄደ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተማሪ በነበረበት ጊዜ «ቤቱ ዘነበወርቅ ነው» ማለት አድራሻ መንገር ብቻ አልነበረም። የታክሲ ረዳት ከዚያ ሰፈር ከተሳፈሩ አሮጊት እጅ ሳንቲም ላለመቀበል እጁን ወደ ኋላ ሲሰበስብ በዐይኔ አይቻለሁ። ወርቅ የዘነበበት ስም እንዲህ ሆኖ ነበር።

እንደሚታወቀው የሳይንስ ቃላት ሥራ በእኛ ዘንድ በአብዛኛው ለባዕድ ቃል አቻ የመፈለግ ሥራ ነው። ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ቃሉ በአማርኛ፣ ቢታጣ በግእዝ፣ ከዚያም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ይፈለጋል፤ ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ባዕዱ ቃል በድምፃችን ተቃኝቶ ይወሰዳል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ዐይነቱ ብርቱ ድካም ፍሬ ነው። ነገር ግን ቃሉ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ተነሥቶ ከሰሚው ጆሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እኛ የቃል ሰዎች ብዙ ጊዜ አንከታተለውም። ይህን የሚያውቀው በጤና ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የአንድን በሽታ ሦስት ስሞች በየተራ እየመረመርን፣ እያንዳንዱ ስም ለአስተማሪው ምን እንዳገዘውና ምን እንዳሰናከለበት እንመለከታለን።

ከሦስቱ በመጽሐፍ የቀደመው ለምጽ ነው። የግእዙ ኦሪት ከጽርእ ሲተረጐም በዘሌዋውያን 13ኛና 14ኛ ምዕራፍ ለሚነገረው ደዌ የገባው ቃል ይኸው ሲሆን፣ ወደ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም እንዳለ ተሻግሯል። ልብ ያለው አንባቢ እንደሚያስተውለው በእነዚያ ምዕራፎች ለምጽ በሰው ቆዳ ብቻ ሳይሆን በልብስና በቤት ግድግዳም ላይ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ የኦሪቱ ቃል ዛሬ ሐኪም ለይቶ የሚያውቀውን አንድ በሽታ ብቻ የሚያመለክት እንዳልሆነ ሊቃውንት የተስማሙበት ነገር ነው። በዕለታዊው አማርኛ ደግሞ ለምጽ ሌላ ነው፤ የቆዳ ቀለም ጠፍቶ ነጭ የሚሆንበት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ስሜትንም የማያጠፋ ሕመም ነው። አንዱ ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ከሰፈር ውጭ የማስወጣትን ሕግ፣ በመንደር ሲነገር ምንም የማያደርስ ነጭ ምልክትን ያመለክታል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጆሮ ሲገናኙ ለምጽ ያለበት ሰው ያለ በደሉ ይፈራል፤ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ደግሞ ለእርሱ ባልተጻፈ ሕግ ይፈረድበታል።

የጤና አስተማሪ «በቆዳችሁ ላይ ነጭ ነገር ብታዩ ወደ ሕክምና ኑ» ብሎ ቢሰብክ የሚመጣለት በአብዛኛው ለምጽና ቋቁቻ ያለበት ሰው ነው። የሥጋ ደዌ መነሻ ምልክት ገርጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ቦታ ነው። ዋናው መለያው ቀለሙ ሳይሆን አለመሰማቱ ነው። ለምጽ የሚለው ቃል ግን ዐይንን ወደ ቀለም ይወስዳል።

ሁለተኛው ቁምጥና ነው። ቆመጠ ማለት ጫፉ ተቈርጦ አጠረ ማለት ሲሆን፣ ቆመጥ የምንለውንም አጭር ዱላ ያስታውሰናል። በዐረብኛ የበሽታው ስም ጁዛም ነው፤ ይህም ቈረጠ፣ ጐመደ ከሚል ግሥ የወጣ በመሆኑ ሁለቱ ሕዝቦች በሽታውን በአንድ ዐይን እንዳዩት ያስረዳል። ሁለቱም የተመለከቱት የበሽታውን መጨረሻ ነው።

የዚህ ስም ጉዳት ስድብ በመሆኑ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። እርግጥ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ምሳሌው የሚነገረው እውነትን ፊት ለፊት ስለ መናገር ቢሆንም፣ እውነተኛነትን ያስተማረን በአንድ ሕመምተኛ እጅ አሳብቦ መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል? ከስድብነቱ የከፋው ግን የሳይንስ ስሕተቱ ነው። ጀርሙ ጣት አይቈርጥም። ጀርሙ የሚጎዳው ነርቭን ነው፤ ነርቭ ሲጎዳ እጅ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አያቃጥለውም፤ የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቍስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል፤ ጣትም የሚያልቀው በዚህ ሁኔታ በብዙ ዓመት ነው። እንግዲህ በሽታውን ቁምጥና ብሎ መጥራት ያልታከመውን ሰው መጨረሻ የበሽታው መጀመሪያ አድርጎ መሰየም ነው። ዐሥሩም ጣቶቹ ሙሉ የሆኑለት ገበሬ በጀርባው ላይ የማይሰማ ምልክት ቢያገኝ «እኔ ቁምጥና የለብኝም» ቢል በቋንቋው ሕግ ትክክል ነው። ወደ ሕክምና ሲመጣም ስሙ ከደረሰበት በኋላ ይሆናል።

የአለርት ሥራ የተጀመረው እነዚህ ሁለት ስሞች ጸንተው ሳሉ ነው። ለመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማእከል እንዲሆን በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ የተቋቋመው ይህ ድርጅት የሚጠራው ከእንግሊዝኛው ስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች በተውጣጣ ቃል ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ «አለርት» ምንም ትርጉም የለውም፤ እንደ እኔ አስተያየት ይህ ባዶነቱ ጠቅሞታል። ሆስፒታሉ የቆዳን፣ የዐይንንና የአደጋን ሕክምና ለሁሉም መስጠት ከጀመረ ወዲህ «አለርት ልሄድ ነው» የሚል ሰው ምን እንደታመመ አይታወቅበትም። ቃል ፈጣሪ ሁልጊዜ ግልጽ ቃል መፈለግ አለበት የሚለውን ትምህርታችንን ይህ ስም ትንሽ ይሸረሽረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአጠገቡ የተቋቋመው የምርምር ተቋም ደግሞ በ1873 በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ ጀርሙን ባገኘው በአርማወር ሐንሰን ስም ተጠርቷል።

ሐንሰን ግኝቱን ሲያቀርብ የተቃወመው የገበሬ አጉል እምነት አልነበረም። በዘመኑ በዚህ በሽታ ዕውቀት አንቱ የተባለው ዳንኤልሰን፣ የገዛ አማቱ፣ በሽታው በዘር የሚወረስ ነው የሚል ነበር። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርሙ እጅግ በዝግታ ስለሚራባ በበሽታው መያዝና ምልክቱ መታየት መካከል በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያልፋል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። እንግዲህ ጎረቤት ሁሉ ደኅና ሆኖ፣ ከእናቱ ጋር በአንድ ጎጆ ያደገ ልጅ ብቻ ጐልምሶ ሲታመም ያየ ሰው «ዘራቸው ነው» ቢል፣ ተሳሳተ እንጂ አልተሞኘም። የበርገን ሊቃውንትም ያሉት ይህንኑ ነበር። አድማጩን ከመሳቁ በፊት ይህን የሚያስብ አስተማሪ የተሻለ ይሰማል።

ሦስተኛው ስም ሥጋ ደዌ ነው። አማርኛ የሚያሳፍረውን ወይም የሚያስፈራውን ነገር በግእዝ ልብስ መሸፈን ይወዳል፤ ዓይነ ምድር ለዚህ ምስክር ነው። ሥጋ ደዌም የዚህ ልማድ ልጅ ነው፤ በሐኪም ቤት፣ በሬዲዮና በመንግሥት ጽሑፍ ቁምጥናን ተክቶ ገባ። ከስድብ ነፃ ነው። ከዚህም ሌላ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ደዌ ሥጋና ደዌ ነፍስ ተለይተው የሚታወቁ ስለሆነ፣ ስሙ ሕመሙን በሥጋ ላይ አኑሮ ከነፍስ ያርቀዋል፤ እርግማን አይደለም እንደ ማለት ነው። ገብረ ክርስቶስ የተባለው ጻድቅ ደዌውን ራሱ ለምኖ እንደ ተቀበለ በሚተረክበት አገር ይህ መልእክት ማረፊያ አያጣም።

በዚህ ስም ምርጫ ለብዙ ጊዜ እርካታ ይሰማኝ ነበር። እርካታዬን ያናጉብኝ በ2010 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ያነጋገርኳቸው አንዲት የጥልፍ ባለሙያ አሮጊት ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም በእግርና በመኪና ለሕክምና መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። የእኅታቸው ልጅ ባል በትከሻው ላይ የማይሰማ ምልክት ይዞ ለዓመታት ዝም ማለቱን ሲነግሩኝ፣ «በሬዲዮ ስለ ሥጋ ደዌ ሲነገር አልሰማም ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰማ እንጂ፤ ሰምቶ ነው የቀረው» አሉኝ። «እኔ ለእሱ ሥጋው አይደለሁ! በሥጋ የሚመጣ ደዌ ከሆነ ምን አገናኘው? ሥጋ ማለት ዘር አይደል እንዴ፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። የሥጋ ዘመድ፣ ሥጋዬ፣ በሥጋ እንገናኛለን እያልን የምንነጋገር ሰዎች ነን፤ ይህን ፍቺ የማይሰጥ መዝገበ ቃላት ጎደሎ ነው። ስድብን ለማስቀረት የተመረጠው ቃል ሐንሰን ያፈረሰውን የዘር ሐሳብ በጓሮ በር መልሶ አስገብቶታል። ሰውየው ሕክምና ሲጀምር ሁለት ጣቶቹ መታጠፍ ጀምረው ነበር።

ታዲያ ስሙን እንለውጥ ወይ? ሌሎች ሞክረውታል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1995 በሕግ የቀድሞውን ስም ከመንግሥት ጽሑፎች አውጥታ በሐንሰን ስም ተካች፤ ጃፓንም በ1996 የማግለያውን ሕግ ስትሽር ይህንኑ መንገድ ተከተለች። «የሐንሰን በሽታ» በአማርኛም ንጹሕ ነው፤ ግን ዲዳ ነው። የገጠር አድማጭ ሐንሰን ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ሰዓቱ ያልቃል። እኔ የማዘነብለው ስሙን ትቶ ምልክቱን ወደ መሰየም ነው። ደነዘዘ፣ አይሰማም፣ በድን ሆነ የሚሉት ቃላት ከማንም ኮሚቴ ሳይመጡ በሁሉም አፍ አሉ። በምርመራ ጊዜ ሕመምተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ቆዳው በጥጥ ጫፍ ሲነካ፣ የተነካበትን ቦታ በጣቱ እንዲያመለክት ይደረጋል። ይህን በሰው ፊት ማሳየት ከማናቸውም ፍቺ ይበልጥ ይገባል፤ አድማጩ እቤቱ ሄዶ በገዛ ቆዳው ላይ ሊሞክረው ይችላልና።

ስለ መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ካሳሰበ በኋላ ኢትዮጵያ በ1983 ሥራውን ጀመረች፤ ዛሬ ሕክምናው 6 ወይም 12 ወር ነው፤ ይድናል። ሆኖም ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፤ ክሎፋዚሚን ደግሞ ቆዳን ያጠቁራል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቀይ ሽንት ባየ ቀን «ደሜ ፈሰሰ» ብሎ መድኃኒቱን ቢጥል ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። አገራችን ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ሕመምተኛ ወደሚባለው ደረጃ በ1999 እ.ኤ.አ. ብትደርስም፣ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል አካላቸው ከጎደለ በኋላ የሚመጡት በዝተው መገኘት ትምህርቱ ዘግይቶ መድረሱን ያሳያል።

ከሁሉም ይልቅ የሚሰሙት አስተማሪዎች ራሳቸው የታመሙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ብሔራዊ ማኅበራቸው በእንግሊዝኛ ስሙ መጀመሪያ «የቀድሞ ሕሙማን» ይል ነበር፤ በኋላ በሽታው የነካቸው ሰዎች ወደሚል አጠራር ተለውጧል። በአማርኛ የተለመደው ቃል ግን ተጠቂ ነው፤ ተጠቂ ደግሞ ጊዜ የለውም። ትናንት የተጠቃውንም፣ ዛሬ የሚጠቃውንም፣ ከዳነ 30 ዓመት የሆነውንም እኩል ይይዛል። «ተጠቂ የነበረ» ብንል ይረዝማል፤ «የዳነ» ብንል ደግሞ ያልተመለሰውን ጣት ይረሳል።

ይህንኑ ለአሮጊቷ አነሣሁላቸው። መርፌያቸውን ክሩ ላይ ትተው በሁለት ቀሪ ጣቶችና በመዳፋቸው መካከል ጨርቁን አጥብቀው ያዙ። «መድኃኒቴን የጨረስኩት የመጨረሻ ልጄ ሳይወለድ ነው» አሉኝ፤ «እሱ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፤ እኔ አሁን ምን እባላለሁ?»