የመሬት መንቀጥቀጥ እና የሆስፒታል አገልግሎት

የመሬት መንቀጥቀጥ በሆስፒታሎች ላይ ሁለት ጫና በአንድ ጊዜ ያመጣል፦ የታካሚው ቁጥር በድንገት ያሻቅባል፣ ሕንፃው፣ ውኃውና መብራቱም በዚያው ቅጽበት ይጎዳሉ። በዚህ ረገድ በሰፊው ከተጠኑት አደጋዎች አንዱ ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. (ጃንዩዌሪ 17 ቀን 1995 እ.ኤ.አ.) ንጋት ላይ የጃፓንን የኮቤ ከተማና አካባቢዋን የመታው የሃንሺን-አዋጂ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። በአደጋው 6,434 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት ከባድ የሸክላ ክዳን የተሸከሙ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ተደርምሰውባቸው ነው።

የታካሚዎች ዓይነት

በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በ95 ሆስፒታሎች ተኝተው የታከሙ የ6,107 ሰዎች መዝገብ በኋላ ተመርምሯል። በአካል ጉዳት የገቡት 2,718 ሲሆኑ 3,389ኙ የገቡት በሕመም ነው፤ ይህም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ስብራትና ቁስል ያለባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎርፈው ቀነሱ። ሕመምተኞቹ ግን ሳያቋርጡ ይመጡ ነበር። ወቅቱ ብርድ ስለነበር በመጠለያዎች ተጨናንቀው የሰነበቱ አረጋውያን በሳንባ ምች ተይዘዋል።

ድንጋጤ ራሱ ልብን ይጎዳል። ልክ ከዓመት በፊት፣ በዚያው ዕለት፣ በአሜሪካ የኖርዝሪጅ መሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከልብ ሕመም ጋር በተያያዘ በድንገት የሞቱት ሰዎች 24 ነበሩ፤ የቀደመው ሳምንት አማካይ በቀን ከ5 በታች ነበር።

ክራሽ ሲንድሮም

ለሐኪሞች አስቸጋሪው ጉዳት ክራሽ ሲንድሮም የሚባለው ነው። በፍርስራሽ ለሰዓታት የተጫነ ጡንቻ ይሞታል፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየምና ማዮግሎቢን ግን ክብደቱ እስኪነሳ ድረስ በአብዛኛው እዚያው ታግዶ ይቆያል። ሰውየው ሲወጣ ደም ወደ እግሩ ወይም ወደ ክንዱ ይመለሳል፣ የታገደውም ወደ መላ ሰውነት ይሠራጫል። ፖታሲየሙ ልብን ሊያቆም ይችላል፣ ማዮግሎቢኑም ኩላሊትን ይዘጋል። ስለዚህ በሕይወት ተገኝቶ ሲያነጋግር የነበረ ሰው ከወጣ በኋላ በድንገት ሊሞት ይችላል። ሽንት ጠቁሮ መታየቱ አንዱ ምልክት ነው። ሕመሙን በ1941 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ባይዋተርስና ዴዝመንድ ቢል በለንደን የቦምብ ድብደባ ተጎጂዎች ላይ አይተው ገልጸውታል።

መከላከያው ፖታሲየም የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ነው፤ የሚቻል ከሆነ ሰውየው ገና ከፍርስራሹ ሳይወጣ። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል። በኮቤ ከተመዘገቡት 372 የክራሽ ሲንድሮም ታካሚዎች 50ዎቹ ሞተዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. በቱርክ ማርማራ በደረሰው አደጋ ደግሞ 639 ሰዎች የኩላሊት ችግር ገጥሟቸው 477ቱ እጥበት ተደርጎላቸዋል። ከ1988ቱ የአርሜንያ አደጋ በኋላ የዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና ማኅበር ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚደርስ ግብረ ኃይል አቋቁሟል።

ውኃና መጓጓዣ

አንድ የእጥበት ክፍለ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። በኮቤ ግን ቧንቧዎች ተሰባብረው ስለነበር ማሽኑ እያለ ማከም አልተቻለም። የከተማው ምዕራባዊ ማዘጋጃ ቤታዊ ሆስፒታል አምስተኛ ፎቅ ተጨፍልቆ ታካሚዎች ውስጡ ታግተዋል። ቅርብ ያሉት ሆስፒታሎች በሕዝብ ሲጥለቀለቁ ራቅ ያሉት አልጋ ነበራቸው፤ መንገዱ ግን በፍርስራሽና በመኪና ተዘግቷል። በመጀመሪያው ቀን በሄሊኮፕተር የተወሰደው አንድ ታካሚ ብቻ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን የአደጋ ሕክምና ቡድኖች የተቋቋሙት በዋናነት ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው።

የ2011ዱ የምሥራቅ ጃፓን አደጋ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ከሞቱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሱናሚው የሰጠሙ ስለነበሩ ቡድኖቹ የጠበቁት የተጨፈለቀ ሰው ጥቂት ነበር። የመጡት ከቤታቸው መድኃኒታቸውን ሳይዙ የሸሹ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን ነበሩ፤ ከከሴኑማ ከተማም 80 ያህል የእጥበት ታካሚዎች በአውሮፕላን ወደ ሆካይዶ ተወስደዋል።