እርሳሱ ያለው መስኮቱ ላይ ነው

ክፍል ውስጥ "እርሳስ መርዝ ነው" ስላቸው ተማሪዎቼ ሳቁ። አንዱ የሚጽፍበትን አንስቶ "ይሄ ነው ቲቸር?" አለኝ። አይደለም። የመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው። እኔ የማወራው ስለ ብረቱ እርሳስ ነው፤ ቀለም እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ ዝገት እንዲከላከል ተብሎ ስንት ዘመን ሲጨመርበት ስለኖረው። በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለም ላይ ይበዛል። ቀለሙ ሲላላጥ አቧራ ይሆናል፤ ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት አብሮ ይገባል። የሚጎዳው አእምሮን ነው፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።

ጉዳቱ ዛሬ የታወቀ አይደለም። ነጭ እርሳስ ቤት ውስጥ እንዳይቀባ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት ጄኔቫ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው ግን በ1978 ነው። ከዚያም በኋላ የድሮው ቀለም ግድግዳው ላይ ቀረ። የኒውዮርክ የመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ምርመራውን ሳያደርግ "አድርጌያለሁ" እያለ ሪፖርት ሲያቀርብ ተደረሰበትና በ2019 የፌዴራል ተቆጣጣሪ ተሾመበት። ሕጉ ነበረ፣ የጠፋው ሄዶ የሚያይ ሰው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። መንግሥት ትልቁ አከራይ የሆነው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ለድሃው እፎይታ ነበር፣ እውነት ነው። ግን በዚያ ኪራይ ቤት አይጠገንም። ነዋሪው አቤት የሚለው ስለሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ ስለ በሩ ቀለም ማን ያስባል?

ጥያቄውን ያነሱት ሲቪል ማኅበራት ናቸው። ፓን ኢትዮጵያ ከሱቅ የተገዙ ቀለሞችን አስመርምሮ ብዙ እርሳስ ያለባቸው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አወጣ፤ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ደንቡ የሚይዘው ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውስ?

ይሄ ኩርሙክን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የቀርከሃና የሣር ቤታችን ቀለም አይፈልግም። ቀለም የመጣው ከመንግሥት ሕንፃ ጋር ነው፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ጽሕፈት ቤት። ስለዚህ እዚህ ቁጥጥር ማለት መንግሥት ራሱን መቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ ክረምት ተማሪዎች ሰብስቤ የክፍል መስኮት ብረት በደረቁ አስፍቄያለሁ። ቢጫው አቧራ ፊታቸው ላይ ነበር። "ጎበዞች" ብዬ ሻይ በዳቦ ጋበዝኳቸው። እጃቸውን እንኳን ታጠቡ አላልኩም። እርሳስ ይኑርበት አይኑርበት ዛሬም አላውቅም፤ የሚያሳምመኝ አለመጠየቄ ነው።

አሁን ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የምትቀቡ ወዳጆቼ፣ ሦስት ነገር ብቻ፦ የድሮውን ቀለም በደረቁ አትፋቁ፣ በውሃ አርጥቡት። ልጆች አይጠጉ። ቀለም የሚገዛው አካል ደግሞ "እርሳስ አለበት ወይ?" ብሎ ነጋዴውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ደንቡ አዲስ አበባ ቢወጣም መስኮቱ ያለው እኛ ጋ ነው።